ምራቂው ሳይቆጠር

ግንቦት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ታፈረ መኪናውን ኮሌጁ ወርክሾፕ በር ላይ አቁሞ ጥሩንባ ነፋ። ተማሪዎቼን ፈተና ላይ አስቀምጬ ስለነበር ወዲያው አልወጣሁም። ሁለተኛ ነፋ። ሦስተኛውን ሳይነፋ ወጣሁ።

«መምህር እንዳልካቸው፣ ጥያቄ አለኝ። አጭር ናት» አለኝ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ። «ይህ መኪና ስንት ኩንታል ይጎትታል?»

«በምን ላይ?»

«በተሳቢ ላይ ነዋ። መሬት ለመሬት እየጎተትኩት ልሄድ ነው?»

ንፋስ መውጫ ውስጥ ያንን መኪና የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ረጅም ነጭ ቫን ነው። ቀድሞ የአንድ የመንገድ ጥናት ፕሮጀክት ነበር፤ መሐንዲሶቹ ዱር ለዱር ሲዞሩ የሚያድሩበት። ውስጡ ሁለት አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የጋዝ ምድጃና መቶ ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር አለው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ጋሼ ታፈረ በጨረታ ገዛው። ከዚያ ወዲህ የነጋዴ ዕቃ እየጫነ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ የመሸበት ቦታ ያድራል፤ ሻዩን ራሱ ያፈላል። ሰው መኪናውን «የታፈረ ቤት» ይለዋል። ባለቤቱ እትዬ ማሚቴ ደግሞ «ባሌ ሁለት ቤት አለው፤ እኔ ጎማ የሌለው ውስጥ ነኝ» ትላለች።

ከጎኑ አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ተቀምጣ ነበር። ወርዳ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። የሻረግ ትባላለች፤ የስማዳ ገበሬ ናት። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ነበረች።

ባለፈው ክረምት በእሷ ጎጥ የስምንት አባወራ ድንች በበሽታ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ለዘር የሚሆን አንድ ፍሬ አልተረፈም። ይህን የሰሙ የላይ ጋይንት ዘመዶቻቸው አሥራ ስድስት ኩንታል የዘር ድንች ሊሰጧቸው ተስማሙ፤ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ማለት ነው። ዘሩ ተዘጋጅቶ፣ ጉንቁሉን አውጥቶ እየጠበቀ ነው። የቸገረው ማጓጓዣው ነው። አይሱዙዎቹ በሙሉ ማዳበሪያ በማመላለስ ላይ ናቸው፤ ከሰኔ አጋማሽ በፊት የሚገኝ የለም።

«እስከ ሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወንዙ ይሞላል» አለች የሻረግ። «ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ ድልድይ የለውም። መኪና የሚያሻግረው እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው፤ ቢበዛ እስከሚመጣው። ካለፈ ዘሩ እዚሁ ይቀራል፣ እኛም ሌላ ዓመት ማሳችንን እያየን እንቀመጣለን።»

«ሁለቴ ብትመላለሱስ?»

«ሄዶ መመለስ ሁለት ቀን ነው» አለ ጋሼ ታፈረ። «ዝናቡ ጀምሯል። አንዴ ከተሻገርኩ ለመመለሴ ራሱ አምላክ ያውቃል። በአንዴ ነው።»

ተሳቢውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ብየዳ ቤት የአሮጌ ፒክአፕ ኋላ ቆርጦ፣ ከነአክሱሉና ከነባሌስትራው፣ ፊቱ ላይ ብረት በይዶበት የሠራው ነው። መኪናው ላይ የሚያያዝበት ጋንቾ ጥሩ ነበር። ብየዳውን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩት፤ እሱም ጥሩ ነው። ፍሬን ግን የለውም።

በሾፌሩ በር ጉበን ላይ የተለጠፈችውን የፋብሪካ ቆርቆሮ በጨርቅ ጠርጌ አነበብኩና ቁጥሮቹን ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ጻፍኳቸው። መኪናው ራሱ ከነጭነቱ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ መብለጥ የለበትም። ፍሬን ያለው ተሳቢ ሁለት ሺህ ኪሎ ይጎትታል። ፍሬን የሌለው ግን ሰባት መቶ ሃምሳ ብቻ።

«ሁለት ሺህ ይላል» አለ ጋሼ ታፈረ። «ሃያ ኩንታል ማለት ነው። ጨረስን።»

«ሁለት ሺው ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ያንተ ተሳቢ ፍሬን አለው?»

«እኔ አለኝ።»

«ጋሼ ታፈረ፤»

«እሺ፣ የለውም። ግን መምህር፣ ይህ መኪና ባለፈው ዓመት ጭቃ የዋጠው አይሱዙ ከነጭነቱ ጎትቶ አውጥቷል። ሃምሳ ሰው መስካሪ አለኝ። ያን ጊዜ ይቺን ቆርቆሮ ማን ጠየቃት?»

«ጎትቶ ማውጣቱን አልጠራጠርም። እሱ ሜዳ ላይ ነው፣ አሥር ሜትር ነው። ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ስንት ነው?»

መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

«ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መጎተት አይፈልግም» አልኩት። «ራሱ ይመጣል። ያንን የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው። ቆርቆሮዋ የምትለው መኪናው የራሱን ክብደትና ከዚያ በላይ ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ማቆም ይችላል ነው። ከዚያ ካለፈ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ከዚያ ያለው መሪ ማጥበቅና ጸሎት ነው።»

«ጸሎቱን እኔ እችላለሁ» አለች የሻረግ። «አንተ ሒሳቡን ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ተሳቢውን ባዶውን በወርክሾፑ ሚዛን ጎማ በጎማ፣ ጋንቾውንም ለብቻ መዘንነው፤ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሆነ። ከሰባት መቶ ሃምሳ ሲቀነስ አራት መቶ አሥር ይቀራል። አራት ኩንታል። የተረፈው አሥራ ሁለት ኩንታል መኪናው ውስጥ መግባት አለበት።

ለመኪናው መጽሐፉ አለ፤ ጋሼ ታፈረ እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ባዶ ክብደቱ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ይላል። እኔም ጭነቱን ልከታተል አብሬ ስለምሄድ፣ እኛ ሦስት ሰዎች ሁለት መቶ ኪሎ። ተሳቢው ጋንቾው ላይ የሚጫነው ሰባ አምስት። ስኮርት ጎማ፣ ክሪክና መፍቻ አርባ አምስት። የቀረው ልክ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። አሥራ ሁለት ኩንታል።

«አየህ» አለ ጋሼ ታፈረ፣ «ልክ ገባ። ምን ታስጨንቀናለህ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው መኪና አልጋ የለውም።»

አልጋዎቹን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ምድጃውንና ታንከሩን ገምተን፣ የሚመዘነውን መዝነን ደመርን። ሦስት መቶ ዘጠና ኪሎ መጣ። ጋሼ ታፈረ በጠመኔ የተጻፈውን ቁጥር ቆሞ አየው።

«ውኃውን ልድፋው» አለ።

«ውኃው መቶ ነው።»

«ምድጃውን ልተወው።»

«አሥራ ስምንት።»

«አንደኛውን አልጋ።»

የሻረግ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መኪናው ውስጥ ተመለከተች። መጋረጃው አበባ ያለበት ነው፤ ከአልጋው ራስጌ የመድኃኔዓለም ሥዕል ተለጥፏል፤ ስኒዎቹ በመንገድ እንዳይሰበሩ እያንዳንዳቸው በካልሲ ውስጥ ገብተው ተሰቅለዋል።

«ሥዕሉ ስንት ይመዝናል?» አለ ጋሼ ታፈረ በመጨረሻ።

«እሱ ይቆይ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን ፈታነው። ብሎኑ ስድስት ዓመት የዛገ ስለነበር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ዕቃውን በጋሪ እትዬ ማሚቴ ዘንድ ስንወስደው በሩ ላይ ቆማ አልጋዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ አየች። «እንኳን ደህና ገባችሁ» አለቻቸው። «አባታችሁስ መቼ ይመጣል?»

በማግስቱ ጠዋት ሳንነሳ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለተማሪዎቼ የማሳየው ነገር ነው። ከኮሌጁ ግንባታ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ ተሳቢው ላይ አስጫንኩ። ስምንት ጊዜ ሃምሳ፣ አራት መቶ ኪሎ ነው። ተሳቢው በዚያ ጭነት ምን ያህል እንደሚወርድ አይቼ፣ ከጎማው ጫፍ ትይዩ በቆርቆሮው ጎን ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ሲሚንቶውን አወረድነው። ጋሼ ታፈረ «የመምህር ደሞዝ ለዚህ ነው የሚከፈለው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር መስመሩን ያሰመርኩት ከልማድ ነው እንጂ ያስፈልገኛል ብዬ አልነበረም።

ዘሩ ያለው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ የደጋ ቀበሌ ነው። ስንደርስ አያ ዓለምነህ መጋዘኑ ደጅ ቆመው ጠበቁን። የዘር አምራቾቹ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ ጥለው ትእዛዝ ይሰጣሉ። ለየሻረግ የአጎት ልጅ ናቸው። ዝምድናው ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በረዶ የላይ ጋይንትን ሰብልና ሣር ሲያወድም የአያ ዓለምነህን ዘጠኝ ከብት ስማዳ ወስዶ ሰባት ወር የቀለበው የየሻረግ አባት ነበር። ከብቶቹ ሲመለሱ አሥራ አንድ ሆነው ተመለሱ። ይህንን በዚያ ጠዋት ከሦስት ሰው ሰማሁት።

አሥራ ስድስቱ ጆንያ ደጅ ላይ ተደርድሯል። ወጣቶቹ መጫን ጀመሩ። አራቱን ተሳቢው ላይ፣ ከበድ ከበድ ያለውን ወደ ፊት አድርገው አስቀመጡ። ጋሼ ታፈረ ገመድ ሊያስር ሲዘጋጅ እኔ ጎንበስ ብዬ መስመሬን ፈለግሁ። መስመሯ ከጎማው ጫፍ በታች ሁለት ጣት ወርዳለች።

መጀመሪያ መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ መሰለኝ። ወደ ደልዳላው ቦታ ፈቀቅ አድርገነው እንደገና አየሁት። ያው ሁለት ጣት ነው።

ቀና ብዬ ጆንያዎቹን አየኋቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አይኔ እያየ አላስተዋልኳቸውም ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከአፉ በላይ ደግሞ ድንቹ እንደ ጎጆ ክዳን ተቆልሎ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ በገመድ መረብ ተወጥሮ ተሰፍቷል። አንዳንዱ ቁልል ክንድ ይሆናል።

«አያ ዓለምነህ» አልኳቸው፣ «ይህ ስንት ኩንታል ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ከላይ ያለውስ?»

«የቱ?»

«ይህ የተቆለለው።»

«እሱማ ምራቂ ነው» አሉ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው መኖሩ እየገረማቸው።

ምራቂ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ገበያ የሄደ ሰው አንድ ጣሳ ሽንብራ ሲገዛ ሻጯ ከሰፈረችለት በኋላ በእጇ እፍኝ ትጨምርለታለች። ያ እፍኝ ከጣሳው አይደለም፤ ዋጋ የለውም፤ ቁጥር የለውም። ስጦታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያለ ምራቂ የሚሰጥ ሰው ለክቶ ሰጠ ይባላል። እዚህ እያንዳንዱ ቤት የየሻረግ አባት የዋለውን ውለታ እያሰበ ቆልሏል፤ አንዷ ስትቆልል ጎረቤቷ አይታ ከፍ አድርጋለች። ስንት ኩንታል ነው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ግን መልሱ አሥራ ስድስት ነው፤ እኔም የጠየቅሁት እንደዚያ ነበር። እናቴ እዚሁ ገበያ ስታስመርቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለማወቅ ይገባኝ ነበር።

«ሚዛን አላችሁ?»

«አለ። ስንዴ ስንሸጥ ነው እሱ።»

«አንዱን ላስመዝነው?»

አያ ዓለምነህ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ስጦታ ሚዛን ላይ አይወጣም። ምን ያህል እንደሰጠን ልንቆጥርባት ነው?»

«እርስዎ አይቁጠሩ። እኔም ለሰው አልነግርም። መኪናው ማወቅ ስላለበት ነው።»

ወደ ተሳቢው አዩ። «ከመጋዘኑ ጓሮ ውሰደው» አሉ። «እዚህ ሰው ፊት አታድርገው።»

ሚዛኑ መጋዘን ጥግ፣ ባዶ ጆንያ ተከምሮበት ነበር። ከጋሼ ታፈረ ጋር ወደ ጓሮ አውጥተን ሦስቱን መዘንን። መቶ ሃያ ሰባት። መቶ ሠላሳ አንድ። መቶ ሃያ ሦስት። በአማካይ ሃያ ሰባት ኪሎ ትርፍ ነው። በአሥራ ስድስት ሲባዛ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት። ቁልሉን ያፈረስንበት አንድ ጆንያ ግን ልክ መቶ ሆነ፤ እነሱ መቶ ያሉት መቶ ነው።

ሰዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ቁጥሩን ሳልጠራ፣ ጭነቱ ከልኩ አልፏል፤ እንደዚህ ሆኖ ቁልቁለቱን አይወርድም አልኳቸው። ሁለት መንገድ ነው ያለን፤ ወይ አራት ጆንያ ይቀራል፣ ወይ ቁልሉ ይወርዳል።

«ምራቂ ይመለሳል እንዴ?» አለች ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት። «ኧረ ነውር ነው።»

«የተመረቀ ነገር ወደ ቤት ሲመለስ አላየሁም» አሉ አያ ዓለምነህ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «በኔ ዕድሜ አላየሁም።»

«አራት ጆንያ ይቅር ካላችሁ» አለች የሻረግ፣ «ሁለት ቤት ባዶ ይቀራል። የትኛውን ሁለት ቤት ልምረጥ?»

ጋሼ ታፈረ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አልጋዬን አስፈትተኸኛል፤ እሺ ብያለሁ። አሁን ለሃያ ሰባት ኪሎ ሽማግሌ ታስቀይማለህ? እኔ በከባድ ማርሽ አወርደዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ።»

«በአንድ ጆንያ ሃያ ሰባት ነው። በተሳቢው ላይ ብቻ ከመቶ በላይ ትርፍ አለ። መኪናው ላይ ከሦስት መቶ በላይ።»

«ቆርቆሮዋ የምትለው ለነጭ አገር ሕግ ነው።»

«ፍሬኑም የነጭ አገር ነው።»

ይህን ያልኩት ልከራከረው አልነበረም። እሱም አልተከራከረኝም። ግን ገመዱን ከእጁ አላስቀመጠም። እኔ ብናገር የምናገረው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ትክክል ነው፤ የአያ ዓለምነህም ነገር ትክክል ነው። ያ ሽማግሌ ከብቶቹ ተጨምረው የተመለሱለት ሰው ነው። ለክቼ ሰጠሁ ተብሎ እንዲቀር አልፈለግሁም። የቀሩት ጆንያዎች መሬት ላይ እንዳሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ከአርብ ገበያ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀመረ።

የሻረግ እስከዚያ ድረስ ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ተነሣችና አያ ዓለምነህ ፊት ቆመች።

«አያ ዓለምነህ፣ ይህ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ያንቺና የጎረቤቶችሽ።»

«ምራቂውም?»

«እሱማ ይበልጥ ያንቺ ነው።»

«ተቀብያለሁ» አለች፤ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጆንያ በሁለት እጇ ነካች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተቀበልኩ። አሁን የኔ ከሆነ ያሻኝ ቦታ ልዝራው?»

«በፈለግሽበት።»

«እንግዲያ ምራቂውን በእርስዎ መሬት ነው የምዘራው። ገብስ ሊዘሩበት ያሰቡት ጥማድ ከቤትዎ ጀርባ አለ አሉኝ። የእኩል ይረሱልኛል? ሲደርስ እመጣለሁ። እኩሌታው የእርስዎ፣ እኩሌታው የኛ።»

አያ ዓለምነህ ዘንጋቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ያቺ ነውር ነው ያለችው ሴት ቀድማ ሳቀች።

«ይህችማ ምራቂያችንን ተቀብላ አራሽ አደረገችን» አለች።

«አባቷም እንዲህ ነበር» አሉ አያ ዓለምነህ። «ዘጠኝ ሰጥቼው አሥራ አንድ ሲመልስ እንዲህ እያሳቀ ነው።» ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ምን ቆማችኋል? መረቡን ፍቱ። ጉንቁሉ እንዳይሰበር በእጅ፣ በእጅ። ቅርጫት አምጡ።»

ቁልሉን ራሳቸው ሴቶቹ አወረዱት። ከየጆንያው ያወረዱትን ወደ ጥማዱ ሲወስዱ ማን ስንት እንደቆለለ ማንም አልጠየቀም፤ ሚዛኑንም ያየው የለም። እኔ ግን አሥራ ስድስቱንም ጓሮ ወስጄ መዘንኳቸው። ይህን ጊዜ አያ ዓለምነህ አልከለከሉኝም፤ እንዲያውም መጥተው በትከሻዬ በኩል አዩ። «ያንዷ ዘጠና ስምንት ነው» አልኳቸው። «የማናት?» አሉ። «አልነግር ብያለሁ» አልኳቸው።

ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ መስመሬን አየሁ። የጎማው ጫፍ ላይ ነች።

አርብ ገበያ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ በስተቀኝ ነበር፤ እኛ ላይ አልደረሰም። ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም። ጋሼ ታፈረ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቁሞ ሥዕሉን አየ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ለቀቀው። በፍሬን አልነዳም፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ራሱ ይይዘው ነበር። ሾፌርነቱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ኩርባ ከመድረሱ በፊት ነካ ያደርጋል፣ ይለቃል፤ ነካ ያደርጋል፣ ይለቃል። ሁለት ቦታ አቁመን ቸርኬውን በእጄ ጀርባ ነካሁ። ሞቋል፤ ግን እጅ ያስቆያል።

ከሁለተኛው ማቆሚያ ወዲያ ባለው ኩርባ ላይ አንድ ሰው አምስት የተጫኑ አህዮች ይዞ ከገደሉ በኩል ብቅ አለ። አህዮቹ መንገዱን ሞልተውታል። ጋሼ ታፈረ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ያዘ። ከዚያ ተሳቢው ከኋላ ገፋን፤ ሰው ትከሻውን አስጠግቶ እንደሚገፋው ያለ ነገር፤ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ። የሻረግ ዳሽቦርዱን ይዛ «መድኃኔዓለም» አለች፣ ቀስ ብላ። ቆመን ስናይ በመጨረሻዋ አህያና በመኪናው አፍንጫ መካከል አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነበር። አህያዋ ዞር ብላም አላየችን።

ሰውዬው አህዮቹን ወደ ዳር እየነዳ በእጁ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ታፈረም እጁን አነሣለት። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሩን ከፍቶ ገደሉን ተመለከተ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«አራት ኩንታል» አለ።

«ከሠላሳ ሁለት ኪሎ» አልኩ።

ወንዙ እስከ ቸርኬ ነበር። መጀመሪያ የሻረግ ወርዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በእግሯ ተሻግራ ታችኛውን አሸዋ መርምራ በየት እንደምንሄድ አሳየችን። ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ አየር ስለሚያጥረው በመጀመሪያ ማርሽ ሰው እየቀደመን ወጣን። የስማዳዋ ከተማ ወገዳ የገባነው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው።

ከገበያው ዳር የሰባቱ ቤት ሰዎች አህያ ይዘው፣ አንዳንዱ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቁን ነበር። የሻረግ ማንንም ሳትስም በመጀመሪያ አንዱን ጆንያ ፈትታ እጇን እስከ ክንዷ አስገባች። ያወጣችው ድንች ላይ አምስት ጉንቁል ነበረ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሐምራዊ። አንዱም አልተሰበረም። ለሁሉም እያዞረች አሳየቻቸው። ያን ጊዜ ነው ሰላምታ የጀመረው።

ጆንያው በየሁለት በየሁለት ሲከፈል ባዩሽ የምትባል ጎረቤቷ፣ እሷም ዘር ጠባቂ ናት፣ ድርሻዋን በእጇ እየዳሰሰች አየችው። አፉ ላይ ልክ ሆኖ ተሰፍቷል፤ ቁልል የለው።

«ምነው» አለች፣ «ከላይ ጋይንት ነው የመጣው አላልሽም?»

«ነው እንጂ።»

«ምራቂው የታለ ታዲያ? ዓለምነህ ለክቶ ሰጠሽ? ያውም ለአባትሽ ልጅ?»

ጋሼ ታፈረ ገመዱን እየጠቀለለ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ የሻረግ አየሁ።

«ምራቂው ከእነሱ ጓሮ ተዘርቷል» አለች የሻረግ። «አንድ ጥማድ ሙሉ ነው። ኅዳር ላይ ሄደን እንቆፍራለን።»

«ጥማድ ሙሉ ምራቂ?» ባዩሽ እጇን ከጆንያው ላይ አነሣች። «ስንት ኩንታል ቢሆን ነው?»

የሻረግ ወደ እኔ ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ። ለሰው አልናገርም ብዬ ለአያ ዓለምነህ ቃል መግባቴን እሷም ሰምታለች።

«ምራቂ አይቆጠርም» አልኳቸው፤ ጋሼ ታፈረ ደግሞ ዛሬ የት እንደሚያድር ጠየቀ፤ አልጋ ስለሌለው።